የእሜቴ በለጡ ገመድ

ወሎ ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ በላይ ባለች ጉብታ ላይ፣ ዋርካ ግቢ የሚባል ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት አለ፤ ዛሬ ሆቴል ነው። ቅዳሜና እሁድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤተሰብ ይጎርፍበታል። ልጆች ሐይቁ ላይ በጀልባ ይንሸራሸራሉ፣ ከጉብታው ሥር ባለው ፍል ውሃ ይንቦጫረቃሉ፣ ጫካው ውስጥ ጉሬዛ ሲያሳድዱ ይውላሉ፤ ጉሬዛዎቹም በተራቸው ሙዛቸውን ይዘርፏቸዋል። ከሁሉ የሚሻሙበት ግን ግቢው መሐል ባለው ዋርካ ላይ የታሰረው ዥዋዥዌ ነው። እሱ ላይ ልጅ ቀድሞ አይወጣም። ከመጣው ቤተሰብ በዕድሜ የምትበልጠው ሴት መጀመሪያ ትቀመጣለች፤ ከመገፋቷም በፊት በቤተሰቧ ላይ ያጠፋችውን አንድ ጥፋት በአፏ ትናገራለች። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የአገሬው ሰው አይስቅም።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ቤቱን ያሠሩት ፊታውራሪ አበጋዝ የሚባሉ የአገሩ ገዥ ነበሩ። ቁጡ ነበሩ፣ ግን ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ነበሩ ይባላል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከቁጣቸው ይልቅ የሚያስፈራው ይኸኛው ነበር። ግንበኛው ሰይድ ይባላል። ሰይድ ደርቡን ጨርሶ፣ ከፊት ለፊቱ ሐይቁን የሚያሳይ ሰገነት አውጥቶ፣ ኖራው እስኪደርቅ ድረስ ሰገነቱን ከሥር በወፋፍራም ባላዎች ደግፎት ነበር።

ፊታውራሪ ግን የቤቱን ምርቃት ቀጠሩ፤ የተጠራውም ያልተጠራውም መጣ። ዳሱ ሞላና የተረፈው እንግዳ ሜዳ ላይ ፀሐይ ይመታው ጀመር። የፊታውራሪ እናት እሜቴ በለጡ በእንግዳ ቀልድ አያውቁም ነበር። ሰይድን ለብቻው ጠርተው፣ ከሰገነቱ ሥር ያሉትን ባላዎች አንስቶ ዳሱን እንዲቀጥልባቸው አዘዙት።

«እሜቴ፣ ኖራው ገና እርጥብ ነው» አላቸው።

«ያንተ ኖራ ከእንግዳዬ አይበልጥም፤ ነገ ትመልሰዋለህ!»

ሰይድ ጨነቀው። እንቢ ማለት ይገባው ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን እሜቴን ማን ደፍሮ እንቢ ይላል? ባላዎቹን አነሳ። ሁሉም በየሥራው ተጠምዶ ስለነበር ትእዛዙን ከሁለቱ በቀር የሰማ አልነበረም ይባላል። ጥላው ተዘረጋ፣ እንግዳው ተቀመጠ፣ ምግብም ቀረበ። ከዚያ የእሜቴ ታናሽ ልጅ ይርጋ እንግዶቹን ደስ ሊያሰኝ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ መፎከር ጀመረ። ሰገነቱ ከነሰውዬው ወረደ። ይርጋን ከድንጋዩ ሥር ሲያወጡት ሕይወቱ አልፋ ነበር።

ፊታውራሪ የወንድማቸውን ሬሳ አቅፈው ማሉ፦ «ድጋፉን ያነሳውንም ያስነሳውንም በዚህ ዋርካ ላይ ካልሰቀልሁ፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ሰይድ ሳይፈለግ ወጣና «ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

እሜቴ በለጡ አጠገቡ ቆመው ይህን ሰሙ። ሰሙና ዝም አሉ። እሳቸውን የሚያሞግሱ ሰዎች ይህችን ቦታ በሩጫ ያልፏታል፤ እኔ ግን አላልፋትም። ሰይድ እስከ ሰልስቱ በሰንሰለት ታስሮ ሲቆይ፣ ሚስቱ ከደጅ ወድቃ ስትለምን፣ ዝም እንዳሉ ነበሩ። ሐዘኑ አፋቸውን ዘግቶት ነው የሚሉ አሉ፤ ፍርሃት ነው የሚሉም አሉ። ምናልባት እናት «ልጄን እኔ ነኝ የገደልሁት» ብላ ለራሷ መንገርም ይከብዳት ይሆናል።

የሰልስቱ ለት ጠዋት ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ገመዱ ይችል እንደሆነ እንዲፈተን ሁለቱ ጫፎቹ ከቅርንጫፉ ታስረው መሐሉ ወደ ታች ተለቆ ነበር፤ ሸምቀቆው ገና አልተሠራም። ሰይድን አመጡት። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውታል። ቄሱም ሼሁም ለመኑ፤ ፊታውራሪ ግን «ምያለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ያን ጊዜ እሜቴ በለጡ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ከቤት ወጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። በቀጥታ ሄደው ገመዱ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸው ከመሬት ተነሳ። «ልጅ ሞቶባቸው አበዱ» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ።

«እሜቴ፣ ይውረዱ» አሉ ፊታውራሪ፤ «ሰው ያየናል።»

«ይየን እንጂ! ባላውን ያነሳው እሱ ነው፤ ያስነሳሁት ግን እኔ ነኝ። ለእንግዳዬ ጥላ ብዬ የወለድሁትን ልጅ ገደልሁ። ምለህ የለም ወይ? በል እንግዲህ፣ ከእኔ ጀምር።»

የፊታውራሪ እጅ ወደ ጎራዴያቸው ሄደ፤ አሽከሮቹ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው እናታቸውን አዩ፣ ሰይድን አዩ፣ ደግሞ እናታቸውን አዩ። ፀሐይዋ ቅርንጫፉን እስክታልፍ እንዲሁ ቆሙ ይባላል። ከዚያ ጎራዴያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉ፤ ከእናታቸው በስተ ኋላ ዞረው ገመዱን ያዙና፣ ሕፃን እንደሚያጫውት ሰው ቀስ አድርገው ገፏቸው። እያለቀሱ ነበር የሚገፉት።

ሰይድ ከሰንሰለቱ ሲፈታ እሜቴ ጠሩት። «ለምን አልተናገርህም?» አሉት።

«እሜቴ፣ ልጅዎ ሞቷል» አላቸው። «ገዳዩ እርስዎ ነዎት ብዬ ደግሞ በምን አፌ ልጨምርብዎ?»

መሃላ ግን በዋዛ አይፈርስም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለፊታውራሪ ቅጣት ፈረዱ፦ ለዚያ ቤት ሲባል ሰው ሞቷል፣ መሃላም ፈርሷል፤ ስለዚህ ቤቱ የመንገደኛ ይሁን፣ እርስዎ አንድም ሌሊት አይደሩበት። ፊታውራሪም ከሐይቁ ማዶ የሣር ጎጆ ቀልሰው እዚያው አረጁ። ደርቡ ላይ መንገደኛ ያለ ክፍያ ሲያድርበት ኖረ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ፈቃድ አውጥተው ሆቴል አደረጉት። አሁንስ ያስከፍላሉ፤ ግን ከቤተሰቡ አንድም ሰው እዚያ አያድርም። ዥዋዥዌው ገመዱ በየጊዜው ይቀየራል፣ ደንቡ ግን እንዳለ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ እዚያ ነበርሁ። ከወረኢሉ የመጡ አንዲት አሮጊት ተቀመጡ፤ የልጅ ልጆቻቸው ቶሎ በሉ እያሉ ይንጫጫሉ። አብዛኞቹ አሮጊቶች የሚናገሩት ቀላሉን ነው፤ ስኳር ደብቄ ነበር፣ ወይፈኑን ሳላማክር ሸጥሁ የመሳሰለውን። እኒህ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጃቸው ራሷ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ትምህርት ቤት ያልላክሁሽ መንገዱ ሩቅ ሆኖ ነው ስልሽ ኖሬያለሁ» አሏት። «ሩቅ አልነበረም። ሥራ የሚያግዘኝ አጥቼ ነው ያስቀረሁሽ።»

ሴትዮዋ ከእናቷ ኋላ ሄዳ ገመዱን ያዘች፤ ይዛውም ሳትገፋ ረጅም ጊዜ ቆመች። እናትየው ዞረው አላዩም።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ፣ «አጥብቀሽ ያዢ።»