የጉልበት ጨርስ አቀበትና የበቅሎዋ ጭራ

ከሜዳው ወደ መንደራችን የሚያወጣው አቀበት ጉልበት ጨርስ ይባላል። ዛሬም ቄስ ይሁን ዳኛ፣ ሙሽራ ይሁን ነጋዴ፣ አቀበቱ ሥር ሲደርስ ከተቀመጠበት ወርዶ፣ ክብሩን ወደ ጎን ብሎ፣ የበቅሎ ጭራ ጨብጦ ነው የሚወጣው። ሽማግሌዎቹ የዚህን ልማድ አመጣጥ ሲያወሩ መሀል ላይ ይደክማቸውና ያርፋሉ፤ እኔም ካረፍኩ አትፍረዱብኝ፣ ወሬው ራሱ ዳገት ነው።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ በመንደራችን ሞላልኝ የሚባል ፈረስ ወዳድ ሰው ነበር፤ ፈረሱ ሜዳ ላይ ሲጋልብ ጥላው የሚደርሰው በማግስቱ ነበር አሉ። ታዲያ ሚስቱን የሺን ምጥ ያዛትና ሕፃኑ በጎኑ ዞሮ አልወጣ አለ። እንዲህ ያለውን የምታቃና አዋላጅ ከሜዳው ማዶ ያሉት እማማ ዘነቡ ብቻ ነበሩ። ጎረቤቶቹ በቅሎ ይዘህ ሂድ ቢሉት በቅሎ ለሽማግሌ ነው ብሎ ፈረሱን አስነሣ፤ ፈረሱም ቁልቁለቱን አብዛኛውን በመቀመጫው ተንሸራቶ ወረደው ይባላል። እማማ ዘነቡ ሰፊ ሴት ስለነበሩ ኮርቻ ላይ ለማውጣት አራት ጎረምሳ አልበቃም፣ አንድ አጥርም ፈርሷል።

ሜዳውን እንደ ነፋስ አለፉት። አቀበቱ ሲጀምር ግን ያ ለሩጫ የተሠራ ረጅም ቅልጥም ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክቡ ኮቴም ቅቤ የረገጠ ይመስል ቋጥኙ ላይ እየተንሸራተተ አልጨብጥ አለ፤ ፈረሱ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። ሽኮኮዎቹ፣ መዳፋቸው እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ነውና፣ ግድግዳ የሚያህለውን ድንጋይ ሽቅብ ቁልቁል ይሉበታል፤ ዝንጀሮዎቹም ገደሉን በጣታቸው ቆንጥጠው አለፏቸው።

«ሁሉም እግሩን በአገሩ ልክ አሰፍቷል» አሉ እማማ ዘነቡ፣ መሬት ላይ ተዘርፍጠው። «አንተ የሜዳ እግር ይዘህ ገደል መጣህ።»

«እማማ፣ ትሞትብኛለች።»

«አውቃለሁ ልጄ። አንሣኝ።»

እንዲህ እያሉ ሳለ አንድ የጨው ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ አጠገባቸው ደረሰ። የበቅሎዋ ኮቴ ጠባብ ነው፤ የፊት እግሯ በመረመረው ድንጋይ ላይ የኋላዋ ይረግጣል፣ አትቸኩልም፣ አትሳሳትም። እማማ ዘነቡ ሳያስፈቅዱ ጭራዋን ጨበጡ፣ ሞላልኝም ከኋላ ሆኖ ይገፋቸው ጀመር። ነጋዴው ዘወር ብሎ ሳያይ፣ ጨዉ ዛሬ ምን ነካው፣ እንዲህም ይከብዳል እንዴ እያለ አፋፉ ላይ ደረሰ ይባላል።

ቤት ሲገቡ እማማ ዘነቡ መቆም አቃታቸው። ከወላዷ ጎን ተጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እያቃሰቱ በእጃቸው ብቻ ሕፃኑን አዙረው አወጡት።

የሺ ቀና ብላ አየቻቸውና «ለመሆኑ ምጡ የማን ነው?» አለች።

ሕፃኑ አለቀሰ፣ ሞላልኝም አለቀሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ አቀበት ከበቅሎ ኋላ እንጂ ከፈረስ ላይ ላይታይ ማለ፤ አገሩም ተከተለው።

አሁንም በመንደራችን የአንዲት ሴት ወር ሲገባ ደጃፏ ላይ በቅሎ ትታሰራለች። እህል አትጫንም፣ ውኃ አትቀዳም፣ ገብስ ይቀርብላታል። ባልየው ያርሳል፣ እርጉዟ ሆዷን ደግፋ ትፈጫለች፣ አዋላጇ ከደጅ ደጅ ትዞራለች፤ በዚህ ሁሉ ደካማ መካከል የልቧን የምትተኛው በቅሎዋ ብቻ ናት።