የወይዘሮ ዳመነች ምርቃት

በአንድ ወቅት፣ ትልቁ ወንዝ በብርድ ጠጥሮ ሰው በላዩ ላይ በሚሄድበት አገር፣ ሴንት ፖል በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ወይዘሮ ዳመነች የሚባሉ የወላይታ ሴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው አቶ ላሊሶ አንድ ጠዋት ለሥራ እንደወጡ መንገድ ላይ ወድቀው ቀርተዋል። ልጆቻቸውን ለመመረቅ እንኳ ጊዜ አላገኙም። እናትየው ግን ሦስቱን ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

የበኩሩ እንድርያስ ታክሲ ነጂ ነው። በዚያች ከተማ የማያውቀው ምግብ ቤት የለም። እንግዳ ሰው ተሳፍሮ «የት ልብላ?» ሲለው፣ «መጀመሪያ ምን እንዳማረህ ንገረኝ» ይለውና ልክ እንዳማረው ያደርሰዋል። ጸጋነሽ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። የእሷ ስጦታ ምላሷ ነው። ወጥ አንዴ ከቀመሰች ምን እንደገባበት፣ ምን እንደቀረበት፣ የቱ ቅመም ከርሞ እንደደከመ ትናገራለች። የመጨረሻው ምናሴ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ግሪን ሃውስ ውስጥ ችግኝ ያፈላል። እጁ የነካው ሁሉ ይጸድቃል። እሱ የእናቱ የልብ ልጅ ነበር። በር ከፍቶ ሲገባ ዓይናቸው ይበራል፤ ሌሎቹም ይህን ያውቃሉ፤ አይናገሩትም እንጂ።

እንግዲህ ወይዘሮ ዳመነች ጉሮሯቸውን ታመሙ። የጨረር ሕክምና ወሰዱ። ሕመሙ አልተዋቸውም፤ ጣዕም ግን ከምላሳቸው ሄደ። እንድርያስ ከየቤቱ ደህና ደህናውን እየመረጠ አመጣላቸው። ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ አመጣ፤ የሶማሌ ሩዝ ቢስባስ ከሚባለው የሚያቃጥል ማባያው ጋር አመጣ፤ ሜክሲኮዎች የሚሠሩትን በቃሪያ የተቀቀለ ሥጋ አመጣ። ጸጋነሽም የአገራቸውን ዳጣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ አስማምታ አቀረበች።

«ካርቶን ነው ልጆቼ» አሉ። «ሁሉም ካርቶን ካርቶን ይለኛል። ዳጣውም ያቃጥለኛል እንጂ አይጣፍጠኝም።»

ሐኪሙም ልጆቹን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ «እኛ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም። ካልበላች ግን ቶሎ ትሄዳለች፤ የምትወደውን ፈልጉላት» አላቸው።

እንድርያስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ? የፈለግሽውን ብቻ ንገሪኝ» አላቸው።

እሳቸውም እንዲህ አሉ። «ከአባታችሁ ጋር እዚህ አገር እንደመጣን፣ በመጀመሪያው በረዶ መንገድ ጠፋን። አባታችሁ ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን አላየሁትም ነበር። ብርዱን ሽሽት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። በሯ ሰማያዊ ነው። ሴትዮዋ በሙቀጫ ቃሪያ ትወቅጣለች። በምን ቋንቋ እንናገር! በእጃችን ጠቆምን፤ የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ ከዚያ ከወቀጠችው ጋር ሰጠችን። አባታችሁ አንዴ ጎረሰ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ከዚያ ሳቀ። ‹ዳመነች፣ ይኼ እኮ ዳጣ ነው! ዘመዶቻችን እዚህ አሉ!› እያለ ሳቀ። ሲገባ እንደ ዳጣ ያነዳል፤ በኋላ ግን አንድ ቅጠል መጥቶ አፍ ያቀዘቅዛል። እሱን ነው የምፈልገው። ሌላ አልፈልግም።»

የቤቱን ስም አያውቁም። መንገዱንም አያውቁም።

እንድርያስ የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ነው። ቃሪያ እንዳይቀምስ ሐኪም አጥብቆ ከልክሎታል። እሱ ግን መኪናውን አስነስቶ ፍለጋ ወጣ። ከቤት ቤት ዞረ። የቬትናሞቹን፣ የታይላንዶቹን፣ የላኦሶቹን ቤት አንድ በአንድ እየገባ፣ ቃሪያ የተወቀጠበትን ሁሉ እያስቀረበ ቀመሰ። በመልክ መለየት አይቻልማ! ሆዱ ሲቃጠል ወተት ይጠጣል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ አብሳይ የእናቱን ታሪክ ሰምቶ፣ «ይኼማ ማይ የምትባለው ሴትዮ ሥራ ነው። ሞንግ ከሚባለው የላኦስ ተራራ ሕዝብ ናት። ቤቷ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እሷ ግን አለች» ብሎ አድራሻ ሰጠው።

ማይ አሮጊት ሆናለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ እጇና አንደበቷ ተይዘዋል፤ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። የምታስታምማት ልጇ ፓኩ ትባላለች። እንድርያስ የመጣበትን ነገራት።

«እኔ አሠራሩን አላውቅም» አለች ፓኩ። «እናቴ ማንንም ወደ ሙቀጫው አታስጠጋም ነበር።» ከዚያ ከፍሪዘር አንዲት ብልቃጥ አወጣች። ከሥሯ አንድ ማንኪያ የማይሞላ አረንጓዴ ነገር ቀርቷል። «ሳትታመም መጨረሻ የወቀጠችው ነው። እንዳያልቅብን ብለን አንበላውም። እሷ ከፈቀደች ውሰደው።»

አሮጊቷ እንድርያስን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ በግራ እጇ ብልቃጧን ወደ እሱ ገፋችለት።

እንድርያስ ብልቃጧን በብብቱ ይዞ እየሮጠ እናቱ ዘንድ ገባ። ጸጋነሽ እናቷ አጠገብ ነበረች። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወይዘሮ ዳመነች ዓይናቸውን ገለጡ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ጸጋነሽ ማንኪያውን ተቀበለች። የእናቷን የተከፈተ አፍ አየች። ብልቃጧን አየች። ከዚያ ያለውን በሙሉ ጠርጋ ወደ ገዛ አፏ አገባችው።

እንድርያስ ጮኸ። እናትየው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ሆድሽ ይህን ያህል ነው፣ ጸጋ?» አሏት።

ጸጋነሽ ዓይኗን ጨፍና በምላሷ እያገላበጠች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ትንሿ አረንጓዴ ቃሪያ... ነጭ ሽንኩርት... የድንብላል ቅጠል... ከዓሣ የሚጠመቀው ጨዋማ ውሃ... ሎሚ...» አለች። እንደገና አጣጣመችው። «አንድ ቅጠል አለ። ድንብላል ይመስላል፣ አይደለም። እንደ ጤና አዳም መረር ይላል። እማዬን የሚያቀዘቅዛት እሱ ነው።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንድ ማንኪያ አንድ ማንኪያ ነው፣ እንድሬ። ቀምሳው በማግስቱ ብትለምነን ምን እንሰጣታለን? እንድትበላ ነው የምፈልገው፤ እንድትሰናበት አይደለም።»

እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጸጋነሽ ብታጥባቸው፣ ብታገላብጣቸው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ቃል አልተነፈሱላትም።

ቃሪያው ተገኘ፤ ሌላውም ተገኘ። ቅጠሉ ግን ከየገበያው ጠፋ። በዚህ መሃል እንድርያስ ደም አስታውኮ ሆስፒታል ገባ።

ቅጠሉን ፍለጋ የሄደው ምናሴ ነው። ፓኩ ስትሰማ ወደ ምድር ቤት አወረደችውና አንድ ማሰሮ አሳየችው። «ይኼ መሰለኝ። እናቴ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ከታመመች ወዲህ ውሃ ያጠጣው የለም፤ ሞቷል።» አፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ግንዱ ጭራሮ ሆኗል። ምናሴ በጥፍሩ ሥሩን ጫር አድርጎ አየና፣ «አልሞተም» አለ።

ወደ ግሪን ሃውሱ ወሰደው፤ ብርሃንና ሙቀት ያለው እዚያ ነውና። እዚያው እያደረ ተንከባከበው። አንድ ጠዋት ሥሩ ላይ መርፌ የሚያህል ለምለም ነገር ብቅ አለ። በዚያው ሰሞን ግን ታላቅ የበረዶ ማዕበል መጣ። መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያው ቆመ፤ ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ምናሴ ማሰሮውን ካፖርቱ ውስጥ ከሆዱ ጋር አጣብቆ፣ እንጨት እያነደደ ተቀመጠ።

ጸጋነሽ ደወለችለት። «እማዬ ስምህን ትጠራለች። ‹ምናሴን አምጡልኝ› ነው የምትለው። ሌላ ነገር አትልም። መንገዱ ተከፍቷል፤ ና።»

«አሁን ወደ ብርዱ ባወጣው ይሞታል፣ ጸጋ። ገና ጨቅላ ነው። ትንሽ ቀን ስጪኝ።»

«እሷስ ትንሽ ቀን አላት?»

ምናሴ ስልኩን ዘጋው። እንደገና ደወለች፤ እንደገና እንደዚያው። እናቱ ስሙን እየጠሩ፣ እሱ ቅጠሉን እየጠበቀ ቀኖቹ አለፉ።

ቅጠሉ ሲደርስ ለቅሞ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በደረቱ ይዞ መጣ። ጸጋነሽ ዶሮውን ቀቅላ፣ ሩዙን አብስላ ጠበቀችው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ፣ እሱ እየቀነጠሰ እሷ ወቀጠች። እንድርያስ በሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ በስልክ ይሰማል። እናቱ ሲበሉ የሚሰማበት ጆሮ ብቻ ነው የቀረው።

ጸጋነሽ በእጇ አጎረሰቻቸው። ወይዘሮ ዳመነች አኘኩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። እንባቸው ወረደ። ከዚያ ሳቁ፤ ስንት ጊዜ ተሰምቶ የማያውቅ ሳቅ! «ጨምሪልኝ» አሉ። ጨመረችላቸው፤ በሉ። ሳህኑ እስኪጠረግ በሉ።

ምናሴ ተንበርክኮ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ መጣሁ» አላቸው።

አዩት። ዓይናቸው በራ። «ላሊሶ» አሉት፤ «አንተስ በላህ?»

ልጁ ከንፈሩን ነክሶ፣ «አዎ፣ በላሁ» አለ።

ከዚያ ወይዘሮ ዳመነች ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ድምፃቸው እንደ ጤነኛ ሰው ጠራ። «ይህን ወደ አፌ ያመጣው እጅ ይባረክ። ሳቅ ከቤቱ አይጥፋ። ላሊሶ ሳይናገር የሄደው ምርቃት፣ የእኔም ምርቃት፣ ለዚያ እጅ ይሁን። ለአንድ እጅ ነው። ምርቃት እንደ ዳቦ አይቆረስም።» እጃቸውን መለሱ፤ ተኙም። በማግስቱ ጠዋት ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ የአገር ሰው ተሰበሰበ። ማይም ልጇ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋቻት መጣች። በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት ጋሽ ኦይቻ ምርቃቱን ሰሙና፣ «ለማን እንደሆነ ይታወቅ፤ የሙት ቃል ሜዳ ላይ አይጣልም» አሉ።

አንዲት ሴት፣ «ለምግቡ ባለቤት ነዋ፣ ለማይ!» አለች። ይህን ፓኩ ተርጉማ ብትነግራት፣ አሮጊቷ እምቢ በማለት ራሷን ነቀነቀችና በግራ እጇ ሦስቱን ልጆች አሳየች።

ከሆስፒታል በዚያው ቀን የወጣው እንድርያስ ተናገረ። «ቤቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በደሜ ነው ያገኘሁት። እናቴን ስትበላ አላየሁም፤ ስትሞትም አላየሁም። እኔ ባላገኘው፣ ጸጋ ምን ትቀምስ ነበር? ምናሴስ ምን ያበቅል ነበር?»

ጸጋነሽ ተናገረች። «ብልቃጧ ውስጥ ያለውን ብትበላው ኖሮ በዚያው አልቆ ነበር። እኔ ነኝ ያበዛሁት። በእናቴ ዓይን ክፉ ልጅ ሆኜ አበዛሁት። ያጎረሳትም ይኼ እጅ ነው። ግን የበላችልኝ ታርቃኝ ይሁን፣ ወይስ ማን እንዳጎረሳት ሳታውቅ፣ አላውቅም።»

ምናሴም ተናገረ። «ቅጠሉ ባይኖር ያው ዳጣ ነበር፤ ያንንማ ካርቶን ነው ብላለች። የጎደለውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስሜን ስትጠራ ‹አቤት› አላልኳትም። ስመጣ አላወቀችኝም። ሌላ የቀረኝ የለም፤ ምርቃቱን እንኳ ተዉልኝ።»

«ስምህንማ ስትጠራ ከረመች» አለች ጸጋነሽ። «ያልነበርከው አንተ ነህ።»

«አንቺስ፣ አፏን ከፍታ አልነበር?» አላት እንድርያስ።

ከዚያች ቃል በኋላ ሦስቱ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ጋሽ ኦይቻም ፍርዱን ሳይሰጡ ቀሩ። ሰዉ እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። አንዱ «መንገድ የሌለው ምግብ አፍ አይደርስም» ይላል። አንዱ «ያጎረሰ እጅ እያለ ሌላ እጅ አይፈለግም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የእናቱን ጥሪ ለእናቱ ሲል ያልሰማ፣ ከዚህ በላይ ምን ይስጥ?» ይላል። አንዲት ባልቴት ብቻ፣ «ያቺን አንዲት ማንኪያ ያኔ ቢያቀምሷት፣ ልጇም በጥሪዋ ቢመጣላት አይሻልም ነበር ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

እናንተስ ዳኛ ብትሆኑ፣ የማይቆረሰውን የወይዘሮ ዳመነችን ምርቃት ለማን ትሰጡታላችሁ? መንገዱን ላገኘው፣ ከእናቷ አፍ ነጥቃ ላጎረሰችው፣ ወይስ ስሙ እየተጠራ ላልመጣው?