አያ ጅቦ ኪሮሽ የያዘ ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ ያውም ጅብ ኪሮሽ ይዞ ታየ ቢባል ማንም በማያምንበት ጊዜ፣ አያ ጅቦ ከትልቁ ሾላ ሥር በአራዊት ሸንጎ ፊት ቆሞ ነበር። ቆሞ ነበር ማለትም ይከብዳል። አንዴ የፊት እግሩን ያነሣል፣ አንዴ የኋላውን ይቀይራል፣ ጆሮውን ወደ ወንዙ ያዞራል፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያቀናል። አርፎ መቆም ከልጅነቱም አያውቅበት።

የከሰሰችው እማማ አህያ ናት። ልጇ ቡሌ፣ ገና ጡት ያልጣለው ውርንጭላ፣ ወንዝ ዳር ሲቦርቅ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ዘሎ ወጣበት። ደግነቱ የደረሰው ጅራቱ ላይ ብቻ ነው፤ የጅራቱ ፀጉር ግን በአያ ጅቦ አፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቡሌ ከእናቱ ሆድ ሥር አልወጣም አለ። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍም የለው።

ዳኛው አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ ጅቦ፣ ወይ ትክሳለህ፣ ወይ ሸለቆውን ለቀህ ወንዙን ትሻገራለህ። ሌላ የለም።»

አያ ጅቦ ከወንዙ ማዶ አየ። የማዶዎቹን ጅቦች ያውቃቸዋል፤ መጤ አይወዱም። ተሻግሮ የሄደው የአጎቱ ልጅ ምን እንደ ደረሰበት እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም። እዚህ ግን አባቱ የቆፈረለት ጉድጓድ አለው፣ ውሃ የሚጠጣበትን ድንጋይ ያውቃል፣ እርጅናውንም የሚያስበው እዚሁ ነው።

«እክሳለሁ ጌታዬ፣ እክሳለሁ» አለ ተሽቀዳድሞ። «ምን ይሁን?»

እማማ አህያ ቀረብ አለች። ቡሌን ከመውለዷ በፊት ጨው ነጋዴዎች እየነዷት እስከ ባሕሩ ዳርቻ ወርዳ ያየች ናት። ለልጇ የምታወራለትም ስለ ዓሣ ነባሪ ነው፤ ኮረብታ ስለሚያህለው፣ ግን የማንንም ጅራት ስለማይነካው።

«ልጄ ዓሣ ነባሪ ይወዳል» አለች። «አቅፎት የሚተኛ ትንሽ የክር ዓሣ ነባሪ ሥራለት። ሰርቀህ አይደለም፣ ቀምተህም አይደለም፤ ራስህ ተቀምጠህ ነው የምትሠራው። ለልጄ ብሎ ተቀምጦ የደከመ፣ ተመልሶ ልጄ ላይ ለመዝለል ያፍራል ብዬ ነው።»

«ተቀምጬ?» አለ አያ ጅቦ፣ ከሁሉም ይህቺ ቃል ከብዳው። ሸንጎው ሳቀ። አያ አንበሶ ግን አልሳቀም። «በሚቀጥለው ሸንጎ ይዘህ እንድትመጣ» ብሎ ተነሣ።

እንግዲህ በዚያ ሸለቆ ኪሮሽ የምታውቅ እመት ቀበሮ ብቻ ናት። ከሰው አጥር ጀርባ አድፍጣ፣ ሴቶቹ ዳንቴል ሲሠሩ እያየች ተማረች። ዶሮ ልትሰርቅ ሄዳ ሙያ ይዛ የተመለሰች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ጫፏ ቆልመም ያለች ቀጭን ኪሮሽ አለቻት፤ ሰማያዊ የሱፍ ክርም አላት፣ ከየት እንዳመጣችው አይጠየቅም።

«አስተምርሃለሁ አያ ጅቦ፣ ምን ችግር አለው» አለችው። «ብቻ እስኪያልቅ ድረስ ከዚህች ድንጋይ ላይ ንቅንቅ እንዳትል። አውቅሃለሁ፤ አንዴ ከተነሣህ አትመለስም።»

«ምግቤስ?»

«እኔ እያመጣሁ አቀምስሃለሁ። ያስቀመጥከው ሥጋ ይኖራል መቼም?»

አያ ጅቦ አለኝ አላት። የት እንዳለም ነገራት። ከጉድጓዱ በስተግራ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ጀርባ ብሎ ምልክቱን ሳይቀር ነገራት። ሥጋ ያስቀመጡበትን ለቀበሮ የሚናገር ሌላ ፍጡር ካለ እኔ አላውቅም።

ትምህርቱ ተጀመረ። እመት ቀበሮ ክሩን አዙራ አሰረችና ትንሽ ቀለበት ሠራች። «ይህቺ ዓይን ትባላለች። ኪሮሿን ዓይኗ ውስጥ ታስገባለህ፣ ክሩን ጠልፈህ ትስባለህ፣ ደግመህ ጠልፈህ በሁለቱ ውስጥ ታሳልፋለህ። አለቀ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓይን ትሄዳለህ።»

አያ ጅቦ አስገባ። ጠለፈ። ከዚያ እንደ ለመደው ጎተተ። ክሩ ከመጥበቁ የተነሣ ኪሮሿ የምትገባበት ጠፋ። በግድ ሊያስገባት ታገለ።

«ምነው ታንቀዋለህ? አይሸሽህም እኮ» አለች ቀበሮ። «ላላ አድርገው። ያልያዝከው ያህል ያዘው።»

ያልያዙትን ያህል መያዝ። በአያ ጅቦ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። የያዘውን ሁሉ ጥርሱ እስኪጋጠም ይዞ ነው የኖረው። ሲያላላ ክሩ ይወልቅበታል፤ ሲያጠብቅ ይታነቅበታል። እንደ ምንም ብሎ የመጀመሪያዋን ዙር ገጠማት።

«ጎበዝ። አሁን ሰፋ እንዲል በአንዱ ዓይን አንድ፣ በሚቀጥለው ሁለት እያደረግህ ዙር» አለችውና ወደ ጉድጓዱ አቅጣጫ ሄደች።

አያ ጅቦ ብቻውን ሲቀር አሰበ። ሁለት ማድረግ እየተቻለ አንድ የሚያደርግ ማነው? በየዓይኑ ሁለት ሁለት አደረገ። ደስ ሲለው ሦስትም አደረገ። ሥራው በላይ በላዩ ተደራርቦ ዙሪያው ተጨማደደና እየተጥመለመለ ወጣ። አያ ጅቦ ግን ስለ በዛለት ብቻ ደስ ብሎት እየሳቀ ጠበቃት።

እመት ቀበሮ አፏን እየላሰች ተመለሰች። አየችው፣ ገለበጠችው። «ዓሣ ነባሪ ሥራ አልኩህ ወይስ ጎመን?»

«ብዙ ነው እኮ፤ እይው።»

«መብዛቱ ነዋ ያበላሸው» ብላ የክሩን ጫፍ ይዛ ስባ ለቀቀችው። ያ ሁሉ ድካም ትር ትር እያለ ተተረተረና መሬት ላይ የክር ክምር ሆኖ ቀረ።

አያ ጅቦ አንጋጦ ማላዘን ጀመረ። የምር ማላዘን ነው፤ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ ነፋሱ ከወዲያኛው ጥግ የጥንብ ሽታ ይዞ መጣ። አሞሮች ሲያንዣብቡ ይታያሉ። ዘመዶቹ ከሩቅ ሲጠራሩ ይሰማል። ጭኑ ተወጠረ፣ ወገቡ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። «ሂድ ከፈለግህ» አለች ቀበሮ ጥፍሯን እያየች። «ማዶዎቹ ይጠብቁሃል።»

አያ ጅቦ ተቀመጠ። እንዳይነሣ ብሎ የገዛ ጅራቱ ላይ ተቀመጠ።

እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተፈታበት፣ እንደገና ጀመረ። ዝንብ ሲመጣበት ጆሮው ይዘላል፤ ርሃብ ሲመጣበት ሆዱ ይጮኻል፤ መዳፉ ግን ቀስ በቀስ መንገዱን አወቀ። አንዱን አንድ፣ ቀጣዩን ሁለት፤ ከዚያ ዝም ብሎ አንድ አንድ። የዓሣ ነባሪው ጭንቅላት ጎበጥ ብሎ ወጣ። ሆዱ ወረደ። ሁለት ክንፍ፣ እንደ ቅጠል የተከፈለች ጅራት፣ ከድንጋዩ ሥር ከለቀማቸው ጥቁር ፍሬዎች ሁለት ዓይን። እመት ቀበሮ አልፎ አልፎ ብጣሽ ቆዳ ታመጣለታለች፤ «ያገኘሁት ይኸው ነው» ትለዋለች።

«ሆድሽ ግን አበጠ ልበል?» አላት አንድ ቀን።

«ሳላረግዝ አልቀርም» አለች፤ እሱም እንኳን ደስ አለሽ አላት።

በመጨረሻም ዓሣ ነባሪው በአያ ጅቦ መዳፍ ላይ አፉን ፈገግ አድርጎ ተኛ። ትንሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሰማያዊ ነው። አያ ጅቦ በዕድሜው ከአፉ ያወጣው ነገር እንጂ በእጁ ያወጣው ነገር አልነበረውም። ደረቱ ሞቀ። ቡሌ አቅፎት ሲተኛ ታየው፤ ማንም ሳያየው ዓሣውን ጉንጩ ላይ ለጠፍ አደረገው።

«አለቀ ማለት ነው» አለች ቀበሮ እያዛጋች። «ከሥሩ የቀረው ቀዳዳ ሳይጠብ ሆዱን ሙላውና ዝጋው።» ሆዷ ከብዷት ስለነበር እንቅልፏን ልትተኛ ሄደች።

«በምን?» አለ አያ ጅቦ። አልሰማችውም።

የሰው ሴቶች ቢሆኑ ይህ ጥያቄ ነው ብለው አይጠይቁም። አያ ጅቦም ትንሽ ካሰበ በኋላ ጥያቄ አልሆነበትም። ሆድ የሚሞላው በምንድን ነው? ጅብ ይጠየቃል ይሄ?

ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ከጠፍጣፋው ድንጋይ ጀርባ ያስቀመጠው ሁሉ የለም። «አይጥ ነው» አለ እየተበሳጨ። ለክፉ ቀን ብሎ ለብቻዋ የቀበራት አንዲት ጮማ ግን ነበረች፤ ለቀበሮም መንገር ረስቷት ነው። አወጣት። ከተቀመጠ ጀምሮ በቅጡ አልበላም፤ ምራቁ ደረቱ ላይ ተንጠባጠበ። «የቡሌ ናት» አለ ጮክ ብሎ፣ ሆዱ እንዲሰማ። ዓይኑን ጨፍኖ ጮማዋን ዓሣ ነባሪው ውስጥ ከተታትና ቀዳዳውን በኪሮሿ ዘጋው። በዚያች ሰዓት በዚያ ሸለቆ እንደ አያ ጅቦ ለጋስ አልነበረም፤ የሚታማበት ነገርም አይኖርም ነበር፣ መንገዱ አጭር ቢሆን ኖሮ።

መንገዱ ግን ረጅም ነው፣ ፀሐዩም ጠንካራ ነው። ጅብ ደግሞ ዕቃ የሚይዘው በአፉ ነው፣ ሌላ በምን ይይዛል? ጮማዋ ሞቃ ቀለጠችና በክሩ ዓይን ሁሉ ወዝታ ወጣች። ምላሱ ላይ ደረሰች።

አያ ጅቦ ዓሣውን መሬት ላይ ጣለውና ወደ ኋላ ሸሸ። ዞሮ አየው። ዓሣው ፈገግ ብሏል። ራሱ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ ወደቀበት። ጅራቱን ይዞ እየጎተተ ሄደ፤ አቧራ ቃመበት። «የቡሌ ነው፣ የቡሌ ነው» እያለ ሮጠ፤ ሲሮጥ ደግሞ ጥርሱ ይገጥማል፣ ጥርሱ ሲገጥም ወዙ ይወጣል። «አቧራውን ላጽዳለት» ብሎ አንዴ ላሰው። እውነትም አቧራ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ግን አቧራ በሌለበት በኩልም ላሰው።

እንደዚያም ሆኖ ሾላው ሥር ደረሰ። ይህን ልንክደው አንችልም፤ ደርሷል። ሸንጎው ተሰብስቧል። በአፉ የያዘውን ሰማያዊ ዓሣ ሲያዩ ዝንጀሮዎቹ ጭምር ለማየት ተንጠራሩ። እማማ አህያ ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። ቡሌ፣ ስንት ጊዜ ከእናቱ ሆድ ሥር አልወጣም ያለው ቡሌ፣ በቀጫጭን እግሮቹ ወደ ጅቡ መጣ፤ አንገቱን ዘረጋ።

«ስጠው» አለ አያ አንበሶ ለስለስ ብሎ።

አያ ጅቦ አፉን ሊከፍት ሞከረ። ከልቡ ሞከረ። መንጋጋው ግን አልታዘዝ አለው፤ አንድ ጊዜ ተከፈተና ግጥም አለ፣ ጉሮሮውም ሥራውን ሠራ። ሰማያዊ ክር ብቻ ከከንፈሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቡሌ ወደ ኋላው ተስፈንጥሮ እናቱ ሆድ ሥር ገባ።

«የት አለ?» አለ አያ አንበሶ፣ ሁሉም እያየ።

«መጥቶ ነበር» አለ አያ ጅቦ ቀስ ብሎ።

እማማ አህያ አልተሳደበችም። «አየሁት፤ ቆንጆ ነበር» አለች፣ ልጇን በአንገቷ እየከለለች። «ግን ለልጄ የሠራኸውን ያልማርክ፣ ልጄን ትምርልኛለህ ብዬ እንዴት ልተኛ?»

አያ አንበሶ ወደ ወንዙ አመለከተ። አያ ጅቦ የአባቱን ጉድጓድ አቅጣጫ አንዴ አየና ቁልቁል ወረደ። ማዶ ላይ የማያውቃቸው ጅቦች ተደርድረው ይጠብቃሉ። እመት ቀበሮ ኪሮሿን ለመቀበል እስከ ውሃው ዳር ሸኘችው።

«እመት ቀበሮ፣ ሆዱን ሙላው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። በጥጥ ነዋ።»

«በጥጥ?» አያ ጅቦ አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ እንዳደረገ ቆሞ አሰበ፤ በዕድሜው እንደዚያ አርፎ ቆሞ አያውቅም። «ጥጥ እኮ አይበላም።»

«ለዚሁ ነዋ፣ አያ ጅቦ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው ብለን የደከምንበትን ነገር እኛ በምንጎመጅለት ነገር ከሞላነው፣ ልባችን የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ለባለቤቱ ሳይደርስ እኛው ጋ እንደሚቀር ነው።