የሸማኔው ስም

ያልሰረቃችሁትን በሬ «ሰርቄአለሁ» ብትሉ አገሩ ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባ ቢሆን፣ ትላላችሁ? የእህቴ የልጅ ልጅ ወለላ፣ «ዮሴፍ ‹አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ› ቢል ኖሮ ከወህኒ አይወጣም ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ብዬ መለስሁላት።

አንድ ሰው ነበረ። ሸማኔ ነው። ከሩቅ አገር ሴት ልጁን ይዞ መጥቶ በአንድ መንደር ዳር ተቀመጠ። በመከር ወራት የአንድ ባለጸጋ በሬ ጠፋ፤ እንደ ልማዱም አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ ጊዜ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሎቹ በጆሯቸው ይናገራል። «ማን ነገረህ?» ሲሉት «ወፍ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም።

ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ነበር። ያለ ወራቱ ደመና ከበደ። ወፊቱም ዘመድ የሌለውን ሸማኔ መረጠች። ሽማግሎቹ ግን፣ «በራሱ አንደበት ካላመነ ሸንጎው አይበተንም» አሉ።

«አንተ ሰው፣ እሺ በልና እንገላገል!» አለው አንድ ገበሬ። «ካሳውን እኛው አዋጥተን እንከፍልልሃለን። አንተ ምን ይቀርብሃል? ጤፍ የለህ፣ አውድማ የለህ!»

«ስም አለኝ» አለ ሸማኔው።

ሳቁበት። «ስም ዝናብ ቢመታው አይበሰብስም፤ የኛ ጤፍ ግን ይበሰብሳል!»

«ዛሬ እሺ ብል ነገ ልጄን ‹የሌባ ልጅ› ትሏታላችሁ። አልሰረቅሁም።»

ዝናቡ መጣ፤ ጤፉም በሰበሰ። ዝናቡን መቅጣት ስላልቻሉ የሸማኔውን ጎጆ አቃጥለው ከነልጁ አባረሩት።

በበጋ እንጨት ለቃሚዎች የበሬውን አጥንት ገደል ሥር አገኙ። ባለጸጋው ቀንዱን አይቶ ለየው። ያን ጊዜ የመንደሩ ሰዎች በማጅራታቸው ድንጋይ ተሸክመው ሸማኔው የተጠጋበት አገር ድረስ ሄዱና እግሩ ላይ ወደቁ። «ተነሡ፤ ይቅር ብያችኋለሁ» አላቸው። አብሯቸው ግን አልተመለሰም።

ዮሴፍም እንደዚህ ሸማኔ ነው፣ ወለላ። ማሩኝ ቢል ምናልባት ይፈቱት ነበር፤ በሐሰት የከሰሰችው የጌታው ሚስት ውሸት ግን በእሱ አፍ እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። ከሳሽ ሊያሳስርሽ ይችላል፤ በደለኛ የሚያደርግሽ ግን የገዛ አፍሽ ነው።

ወለላም፣ «እማማ፣ እርስዎንስ በሐሰት ከስሰው ከአገር ያስወጡዎትን ሰዎች ይቅር ብለዋቸዋል?» አለችኝ።

ሸማኔው ይቅር አለ። ዮሴፍም የሸጡትን ወንድሞቹን ይቅር አለ። እኔ ግን ያላደረግሁትን አድርጌአለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ማንንም ይቅር አላልሁም፤ አልልምም።