ሁለት ጊዜ የሳለው አባት

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ሽማግሌ ሰበሰበ። ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፤ "ከነገ ጀምሮ የወፍጮ ቤታችንን በር የምትከፍተው ልጄ ውብዓለም ናት" ብሎ አወጀ። ሽማግሌዎቹም አጨበጨቡ፣ መረቁ።

ውብዓለም በሩን መክፈት ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር።

አሁን ግን ኃላፊነቱም ተጨመረላት። ሥራውን አንቺ ምሪ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ አላት።

በማግስቱ ጡረተኛው ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ጥግ ላይ ጆንያ አንጥፎ ተቀመጠ። ተናገረ እንዳትሉኝ፤ አንዲት ቃል አልወጣውም። ይስላል ብቻ። አንዴ ከሳለ ወፍጮው ይቆማል። ሁለቴ ከሳለ እህል ይጨመራል። ሠራተኛው ጌጡ ውብዓለምን "እሺ እመቤቴ" ይላታል፤ ጆሮው ግን ጥግ ላይ ነው።

አንድ የበዓል ሰሞን፣ በርበሬ ተፈጭቶ እንዳለቀ፣ እትዬ አስናቁ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጤፍ ይዘው መጡ። ቸኩለዋል። ውብዓለም ጌጡን፣ መጀመሪያ በቆሎ አሳልፈህ ድንጋዩን አጽዳ አለችው። አባት ሁለቴ ሳለ። ጌጡ ጤፉን ገለበጠው።

ዱቄቱ ቀላ ብሎ ወጣ። እትዬ አስናቁ ቀመሱት፤ አስነጠሳቸው።

"ማን ነው ያዘዘው?"

አባት ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጌጡ ጫማውን።

"የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች ውብዓለም። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ከቤታችን ጤፍ ፈጭቼ፣ ራሴ ተሸክሜ አደርስልዎታለሁ።"

አደረሰችም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህችን ልጅ መምራት ማን አስተማራት? አባቷ አይደለም እንዳትሉ። እሱም በጉልምስናው ያበላሸውን እህል ተሸክሞ ሲመልስ እያየች ነው ያደገችው።

ታዲያ እናንተ አባቶች፣ እናንተ እናቶች፣ ልጄን ባርክልኝ እያላችሁ ትጸልያላችሁ አይደል? ቤቱን አውርሳችሁ፣ መሳሳቱን ለራሳችሁ ካስቀራችሁ፣ ልጃችሁ በምን ይማር? እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። የኖራችሁበትን መልቀቅ ለማን ይቀላል?

በማግስቱ ያ አባት፣ የቤቱ ጤፍ ስላለቀ፣ ስንዴ ተሸክሞ መጣ። ጌጡ ሊቀበለው ተንደረደረ። ሰውየው አልሰጠውም። አርባ ዓመት ባስተዳደረው ደጅ ቆሞ፣ የተሰለፉትን ሴቶች ቀስ ብሎ ጠየቃቸው።

"የመጨረሻዋ ማናት?"

አንዲት ሴት እጇን አነሣች። ሄዶ ከኋላዋ ቆመ።