የምንትዋብን ድምፅ የበላው ቫይረስ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። በድሮ ዘመን እንዳልላችሁ ኮምፒውተር አለበት፤ ትናንት እንዳልላችሁ ዓመታት አልፈውታል።

ደሴ ውስጥ አቶ ላቀውና ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ፣ ሰው የሚያምኑ ባልና ሚስት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ምንትዋብ በዘጠኝ ዓመቷ በትኩሳት ሞተችባቸው። የቀራቸው ድምጿ ነበር፤ እንቁጣጣሽ ዕለት አበባየሆሽ ስትል የተቀዳ፣ ቤታቸው ባለው ኮምፒውተር የተቀመጠ። ይከፍቱታል፣ ይሰሙታል፣ እንደገና ይከፍቱታል።

እዚያው ሰፈር ደምስ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። እጁ ብልህ፣ አፉ ጣፋጭ፣ ልቡ ጠማማ።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ታመመ። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ያላዘዙትን ይከፍታል። ደምስን ጠሩት።

«ቫይረስ ነው አባቴ፤ አወጣዋለሁ» አለ።

አወጣው። ግን እንደገና እንዲጠሩት ብሎ በፍላሹ ሌላ ትንሽ ቫይረስ አስገብቶ ሄደ።

ከወር በኋላ ኮምፒውተሩ ታመመ። ደምስ መጣ፣ አወጣ፣ ተከፈለው፣ ተመረቀ። አሁንም ሌላ ትቶ ሄደ።

ሦስተኛ ጊዜ የተወው ግን ከሰው የተቀበለው፣ ምን እንደሚሠራ እሱም ያልጠየቀው ነበር። በማግስቱ አቶ ላቀው የልጃቸውን ድምፅ ሊከፍቱ ቢሉ አልከፈት አላቸው።

ደምስ ተጠራ። ሞከረ፤ አልሆነም። ደግሞ ሞከረ፤ አልሆነም። ሦስተኛም ሞከረና ላብ አጠመቀው። «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

ወይዘሮ አስካለ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምታስተምረውን ሐያትን ለምነው አመጡ። ሐያት ኢንተርኔቱን ነቀለች፤ መረመረች፤ ቫይረሱ የገባበትን ቀን አገኘች። ደምስ የመጣበት ቀን ነው።

«እማማ፣ ሁሉንም ጠርጌ እንደ አዲስ ብጭነው ይድናል። ድምፁን ግን ቫይረሱ በልቶታል፤ መመለስ አልችልም። ሌላ ቦታ አልገለበጣችሁትም?»

«የት እንገልብጠው ልጄ? ቤታችን ነው ብለን።»

ወይዘሮ አስካለ ባላቸውን አዩ። አቶ ላቀውም «ጥረጊው» አሉ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደምስን ጠርተው ጠየቁት። ካደ፤ ኋላ አመነ። «ካሳ ክፈል» አሉት።

«ካሳ አልፈልግም» አሉ አቶ ላቀው። «የልጄን ድምፅ አምጣልኝ።»

ደምስ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በር የሚከፍትለት ጠፋ፤ ሱቁን ዘግቶ ከተማውን ለቀቀ። ኮምፒውተሩ ዳነ። ባልና ሚስቱ ግን ዘፈኑን ለማስታወስ ሲሞክሩ አንዱ የያዘውን ዜማ ሌላው «እንዲህ አልነበረም» ይላል።

የምትወዱትን አንድ ቦታ ብቻ አታኑሩ፤ በሽታ ዘርቶ መድኃኒት የሚሸጥን ሰውም ደጃችሁን አታሳዩት። ሐዘኑን ለእኔ ተዉልኝ፤ ምክሩን እናንተ ውሰዱ።