ለለይላ አንድ እንቁላል

ተረቴ ከአንድ እንቁላል ይነሳል፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ሰዓዳ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ለይላ ከኩፍኝ ብትድንም ምግብ እንቢ ብላ ሰውነቷ አልመለስ አለ። የጤና ባለሙያዋ እንቁላል ይሰጣት አለች። ሰዓዳም ጎረቤቷን የሻረግን ለመነቻት። የሻረግ ግን ዶሮዋ የምትጭረው ትል አጥታ መጣል አቁማለች። ትል የሚመጣው ፍግ ሲኖር ነው፤ ፍግ ያለው በሬዎች ካሉት ከይመር ዘንድ ነው።

ሰዓዳ ወደ ይመር ሄደች። ዶሮዋ ያለ ትል አልጥልም ብላለች፣ ትሉ ያለ ፍግ አልመጣም ብሏል፤ ፍግ ስጠኝ አለችው። ይመር አዘነላት። ግን እንጨት ስለሌለው እበቱን ሁሉ ኩበት አድርጎ ያነዳል።

ወደ አራጋው ወጣች፤ ደኑ እንዲያገግም የተከለለውን ተራራ የሚጠብቀው እሱ ነው። ዶሮዋ ያለ ትል አልጥልም ብላለች፣ ትሉ ያለ ፍግ አልመጣም ብሏል፣ ይመር ያለ እንጨት ፍግ የለኝም ብሏል፤ እንጨት ስጠኝ አለችው። አራጋው የተነጨውን ችግኝ አሳያት። የዘይነባ ፍየሎች ካልታሰሩ አንድ ቅርንጫፍ አላስቆርጥም አለ።

ወደ ዘይነባ ወረደች። ዶሮዋ ያለ ትል አልጥልም ብላለች፣ ትሉ ያለ ፍግ አልመጣም ብሏል፣ ይመር ያለ እንጨት ፍግ የለኝም ብሏል፣ አራጋው ፍየሎቹ ሳይታሰሩ እንጨት የለም ብሏል፤ ፍየሎችሽን እሰሪልኝ አለቻት።

"አስሬ ምን ላብላቸው፣ እታለም? እኔም የምኖረው በእነሱ ነው" አለች ዘይነባ።

ሁሉም ወደ ሌላ ሰው ልኳት ነበር፤ ከዘይነባ ወዲያ ግን የምትሄድበት ሰው አልነበረም። ሰዓዳ የልጇን የከሳ ክንድ አሰበች።

"ሣሩን እኔ አጭድልሻለሁ" አለቻት።

ማጭድ ይዛ ወደ ተራራው ተመለሰች። አራጋውም አልተቃወማት።

"ሣር ማጨድ መቼ ከለከልኩ? የጠየቀኝ ሰው ነው የጠፋው" አላት።

ከዚያ በኋላ ሰዓዳ ሣር አጨደች፣ ዘይነባ ፍየሎቿን አሰረች፣ አራጋው ቅርንጫፍ አስቆረጠ፣ ይመር እንጨት አነደደ፣ እበቱም ለፍግ ተረፈ። ፍጉን የሻረግ ጓሮ ከመሩት፤ ትሉ መጣ፣ ዶሮዋ ጫረች፣ ጫረችና ጣለች።

ሰዓዳ እንቁላሉን ቀቅላ ላጠችላት። ለይላ በላች፣ ጣቷን ላሰች፣ ድስቱን አጮልቃ አየች።

"ሌላስ?" አለች።

ከታመመች ወዲህ ምግብ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ተረቴ እዚህ ላይ ያርፋል፤ ለይላ ግን ገና እየበላች ነው።